ከመንቀላችሁ በፊት ጻፉ፦ ከድሮ ሚኒኮምፒውተር ዕቃ ስለ ማዳን

ፎቶ የሚልክልኝ ሰው በዝቷል። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ ወይ መሬት ላይ የተዘረገፈ የድሮ ኮምፒውተር ቦርድ፣ ከሥሩ «ይሄ ምንድን ነው? ዋጋስ ያወጣል?» የሚል ጥያቄ። ቦርዶቹ ምን እንደሆኑ መናገር ብዙም አይከብድም፤ ቁጥራቸው እጀታቸው ላይ አለ። የሚከብደው ከዚያ የሚቀጥለው ነው። የትኛው ቦርድ ከየትኛው ስሎት (ቦርዱ ከሚሰካበት ቦታ) ወጣ? አጠገቡ የቱ ነበር? ጫፉ ላይ የተሰካ ትንሽ ነገር ነበረው ወይ? ከኋላ በኩል ያለው ሽቦስ? ይህን የሚያውቀው የነቀለው ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አልጻፈውም፣ ፎቶ አላነሳውም፣ ከሳምንት በኋላ ስትጠይቁት ረስቶታል።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ለሃምሳ ዓመት አንድ ላይ የቆየ ማሽን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተበታትኖ ማን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክምር ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አያያዙ ልጽፍ ነው፤ ምን ማየት እንዳለባችሁ፣ ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚነበቡ፣ የትኛው ጥቃቅን ዕቃ መጣል እንደሌለበት።

የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው፣ ከቦስተን ብዙም ሳልርቅ። አካባቢው የሚኒኮምፒውተር፣ ማለትም ከዚያ ዘመን ትልልቅ ማሽኖች ያነሰ ኮምፒውተር፣ አገር ነበር። ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን በ1957 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሜይናርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የድሮ የሱፍ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ቦታ ተከራይተው ዲጂታል ኢኪውፕመንት ኮርፖሬሽንን አቋቋሙ። በአጭሩ ዴክ ይባላል። የመነሻ ገንዘባቸው 70,000 ዶላር ነበር። በ1965 ፒዲፒ-8ን አወጡ፣ ዋጋውም 18,000 ዶላር ገደማ ነበር። የዚያን ዘመን ትልልቅ ኮምፒውተሮች በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ይሸጡ ስለነበር አንድ ላብራቶሪ ወይ አንድ ትንሽ ፋብሪካ የራሱን ማሽን መግዛት የቻለው ያኔ ነው። በ1970 ፒዲፒ-11 ተከተለ። የፒዲፒ-8 ዋና ንድፍ አውጪ ኤድሰን ደ ካስትሮ ደግሞ በ1968 ወጥቶ ዳታ ጄኔራልን መሠረተ፣ ኖቫ የሚባለውንም ማሽን ይዞ መጣ። ዴክ በ1998 ለኮምፓክ ተሸጠ። ማሽኖቹ ግን የትም አልሄዱም። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ከሥራ ሲወጡ የወሰዷቸው፣ ከተዘጉ ላብራቶሪዎች የተረፉ፣ በየቤቱ ምድር ቤትና በየመጋዘኑ አሁንም አሉ። መሐንዲሶቹ እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ቤቱን ሲሸጡ ምድር ቤቱ መጽዳት አለበት።

ያኔ ቆራሌው ይመጣል።

እነዚህ ቦርዶች ባክፕሌኑ (ስሎቶቹ የተደረደሩበትና ቦርዶቹን የሚያገናኘው የጀርባ ክፍል) ውስጥ የሚሰኩበት ጠርዛቸው በወርቅ የተለበጠ ነው። የቁርጥራጭ ነጋዴው የሚገዛቸው በክብደት ነው። ጠርዙን ይቆርጣል፣ የቀረውን ይጥላል። ልባጡ በጣም ስስ ስለሆነ ከአንድ ቦርድ የሚገኘው ወርቅ ከቁጥር አይገባም። ያው ቦርድ ሳይቆረጥ ማሽን ለሚጠግን ሰው ቢሸጥ ስንት እጥፍ ያወጣ ነበር። ቤተሰቡ ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚገዛ ሰው የት እንዳለ አያውቅም፣ የቤት ሽያጩ ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ እዚያ ቁጭ ያሉት ባለሙያዎች አንዲት ብሎን አይተው ከምን መኪና እንደወጣች ይነግሯችኋል፣ ምክንያቱም ሲፈታ አይተዋል። እዚህ የሚጎድለው እሱ ነው።

እና ማሽኑ ፊት ስትቆሙ ካቻቢቴ አታውጡ። ስልካችሁን አውጡ። መጀመሪያ ሙሉ ራኩን (ማሽኑ የተገጠመበትን የብረት መደርደሪያ) ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎን። ከዚያ ኬብሎቹ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ። ከዚያ ቦርዶቹ ያሉበትን ሳጥን ከላይ፣ እጀታዎቹ ላይ ያለው ቁጥር እስኪነበብ ድረስ ተጠግታችሁ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለውን፣ ባክፕሌኑን ከጀርባ፣ ፒኖቹና ሽቦዎቹ ባሉበት በኩል። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ ምልክት፣ የጥገና መዝገብ ካለ እሱንም። ከማሽኑ ጋር የመጣ ትልቅ የሥዕል ጥራዝ፣ ሰዎቹ ፕሪንት ሴት የሚሉት፣ ካገኛችሁ ከቦርዱ እኩል ተንከባከቡት። ብዙዎቹ ስካን ተደርገው ቢትሴቨርስ የሚባለው የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ አሉ፤ ግን የእናንተ ማሽን ላይ መሐንዲሱ በእርሳስ ያረመው የትም የለም።

ስትነቅሉ ለእያንዳንዱ ቦርድ ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ። ስሎት ስንት፣ ከየትኛው ሳጥን፣ ምን ኬብል ነበረው። ወረቀቱን በክር እጀታው ላይ እሰሩት። ፕላስተር በወርቁ ጠርዝ ላይ አትለጥፉ፣ ሙጫው ይቀራል። ቦርዱ ላይ በማርከር አትጻፉ። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ለአንድ ሳጥን።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ።

የዴክ ቦርድ ሦስት ዓይነት ስም ሊኖረው ይችላል፣ ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው እጀታው ላይ የታተመው የሞጁል ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በኤም ይጀምራል፣ ኤም 7856 እንደሚለው። ሁለተኛው ደንበኛው ሲገዛ ያዘዘበት ስም ነው። ለምሳሌ ኤም 7856 በሽያጭ ስሙ ዲኤል11-ደብሊው ነው፤ ለተርሚናል የሚሆን ሲሪያል መስመርና የሰዓት ምት የሚሰጥ ቦርድ። ሦስተኛው መዳቡ ላይ የተቀረጸው፣ በ50 የሚጀምረው ረጅም ቁጥር ነው። ይሄ የባዶው ሰሌዳ ቁጥር ነው፣ ዕቃ ሳይገጠምበት በፊት የነበረው። ጀማሪ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጎላ ብሎ ይታያል። ኢንተርኔት ላይ ይፈልገዋል፣ ምንም አያገኝም፣ ተስፋ ይቆርጣል። እጀታውን ተመልከቱ። እጀታው ከተሰበረ ብቻ ነው ወደ 50ው የምትሄዱት።

የቆዩት ቦርዶች ላይ የእጀታው ቀለም ራሱ ይናገራል። ዴክ ከ1964 ጀምሮ ያወጣቸው ፍሊፕ ቺፕ የሚባሉት ትንንሽ ካርዶች በቀለም የተለዩ ነበሩ፤ አር የሚጀምሩት ቀይ፣ ቢ የሚጀምሩት ሰማያዊ፣ ኤም የሚጀምሩት ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)። ይህ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። የ1965ቱ ፒዲፒ-8 የተሠራባቸው ቀዮቹ ካርዶች በትራንዚስተር የተሠሩ ናቸው፣ ሎጂካቸው በዜሮና በኔጌቲቭ 3 ቮልት መካከል ነው፣ የሚመገቡትም ፖዘቲቭ 10 እና ኔጌቲቭ 15 ቮልት ነው። ማጀንታዎቹ ቲቲኤል (በቺፕ የተሠራ የሎጂክ ቤተሰብ) ናቸው፣ 5 ቮልት ነው የሚፈልጉት። ቅርጻቸው አንድ ነው፣ ስሎቱም ይቀበላቸዋል። አንዱን በሌላው ቦታ ሰክታችሁ ማሽኑን ካበራችሁ ጉዳት ታደርሳላችሁ። በኋላ ዘመን በመጡት ላይም ተመሳሳይ አደጋ አለ። በአንዳንድ የፒዲፒ-11 ሳጥኖች ውስጥ ለማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦርድ የተመደቡ ስሎቶች፣ በተራው ስሎት ላይ ሌላ ሥራ ባላቸው ፒኖች ላይ ኃይል ያስተላልፋሉ። «ገብቷልና ቦታው ነው» ማለት አይቻልም። ስሎት መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ለብቻው ምንም አይደለም። አርኬ05 የሚባለውን የ2.5 ሜጋባይት ዲስክ የሚያዘውን አርኬ11-ዲ ውሰዱ። አራት ቦርድ ነው፣ ኤም 7254፣ ኤም 7255፣ ኤም 7256 እና ኤም 7257። አራቱ የሚነጋገሩት በራሳቸው ባክፕሌን በኩል ነው፤ ያ ባክፕሌን በመቶዎች የሚቆጠር ሽቦ የተጠመጠመበት፣ የሰርኪዩቱ ግማሽ ማለት ነው። ሰዎች ቦርዶቹን ያወጡና ባክፕሌኑን «ይሄ ብረት ነው» ብለው ይጥሉታል። አራቱን ቦርድ የገዛ ሰው በእጁ ያለው ዲስክ መቆጣጠሪያ አይደለም። አራቱ ለአራት ሰው ሲሸጡ ደግሞ አራቱም ሰው ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው፣ ብሩን ከፍሎ።

ፒዲፒ-11/34 ያገኘ ሰው ኤም 7265 እና ኤም 7266ን ወይም ኤም 8265 እና ኤም 8266ን ይፈልግ። ፕሮሰሰሩ እነሱ ናቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። የኋለኞቹ የ11/34ኤ ናቸው። በአነስተኛው ኪው-ባስ ቤተሰብ (ባስ ማለት ቦርዶቹ የሚነጋገሩበት የጋራ መስመር ነው) ደግሞ ኤም 7264 የ11/03 ፕሮሰሰር ነው፣ ኤም 8186 የ11/23፣ ኤም 8192 የ11/73። ኤም 8043 አራት ሲሪያል መስመር ያለው በጣም ተፈላጊ ቦርድ ነው፣ ካያችሁት ለይታችሁ አስቀምጡት። የሌላ ፋብሪካ ቦርዶችም ይመጣሉ፣ ኤሙሌክስ፣ ዳይሎግ፣ ፕሌሲ፣ ዳታራም የሚሉ። እነሱ የኤም ቁጥር የላቸውም። ዋጋ የላቸውም ማለት ግን አይደለም፤ የኤሙሌክስ ዲስክ መቆጣጠሪያ ብዙ ማሽን ዛሬም የሚያንቀሳቅስ ዕቃ ነው።

ቺፖቹን ማንበብ ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ነው። አንድ ቦርድ በጥሩ መብራት ሥር አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጥቁር ቺፕ፣ አሥራ አራት እግር፣ ላዩ ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ። አንደኛው መስመር 7474 ይላል፣ ሁለተኛው 7432። ሁለቱም የቺፕ ዓይነት ይመስላሉ። 7474 ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ ያለው ቲቲኤል ነው፤ 7432ም አራት የኦር ጌት ያለው ቲቲኤል ነው። ታዲያ ይሄ የትኛው ነው? መልሱ ያለው ከሳምንት ቁጥር ላይ ነው። የምርት ቀን የሚጻፈው በአራት አሃዝ ነው፣ ሁለቱ ዓመት፣ ሁለቱ ሳምንት። 7432 ማለት የ1974 32ኛ ሳምንት ሊሆን ይችላል። 7474 ግን ቀን ሊሆን አይችልም፣ በዓመት ውስጥ 74ኛ ሳምንት የለምና። ስለዚህ ቺፑ 7474 ነው፣ የተሠራው በነሐሴ 1974 አካባቢ ነው። በ1974 የተሠራ ቦርድ ሙሉ በሙሉ በእንዲህ ያለ ወጥመድ የተሞላ ነው፣ ምክንያቱም የዓመቱ ቁጥርና የቺፕ ቤተሰቡ ቁጥር ገጠሙ።

ይህን ካወቃችሁ ቦርዱ ታሪኩን ይነግራችኋል። የቺፖቹን ቀን ተራ በተራ ጻፉ። አብዛኞቹ 7548፣ 7602፣ 7605 ከሆኑ ቦርዱ በ1976 መጀመሪያ ወይም ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ተሠራ። አንዱ ብቻ 8117 ከሆነ በ1981 ወይም ከዚያ በኋላ አንድ ቴክኒሻን ያን ቺፕ ነቅሎ ቀይሮታል። ብየዳውን ከኋላ ብታዩት ይለያል። ያ ማለት ማሽኑ በዚያ ቦታ ተበላሽቶ ያውቃል፤ ለሚጠግነው ሰው ትልቅ ፍንጭ ነው። ከወርቁ ጠርዝ አጠገብ በረድፍ የተደረደሩ 8881 ወይም 8641 የሚሉ ቺፖች ካያችሁ ባሱን የሚነዱት እነሱ ናቸው (88 ዓመት፣ 81 ሳምንት አይደለም)። አራት 74181 ጎን ለጎን ካያችሁ ደግሞ የአንድ 16 ቢት ማሽን የስሌት ክፍል ፊት ለፊታችሁ ነው፤ እያንዳንዱ አራት ቢት ይደምራል፣ አራቱ ሲገጥሙ አሥራ ስድስት። ኮምፒውተር ሲደምር በዓይን ማየት የሚቻለው በዚህ ዘመን ማሽን ላይ ነው። የቢቱን መንገድ በጣት ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ለዚህ ነው የምደክመው።

አሁን ደግሞ ቆሻሻ ስለሚመስሉት።

ፒዲፒ-11 ውስጥ ጂ 727 የሚባል ካርድ አለ። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ሰሌዳ ነው፣ ምንም ቺፕ የለበትም፣ ጥቂት የመዳብ መስመር ብቻ። ሥራው ባዶ ስሎት ላይ ገብቶ የፈቃድ ምልክቱን ወደሚቀጥለው ማሳለፍ ነው። ፒዲፒ-11 ላይ አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ሲጠራ ፕሮሰሰሩ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ ከስሎት ወደ ስሎት እየተሻገረ ጠሪው ዘንድ ይደርሳል። መሃል ላይ አንድ ባዶ ስሎት ካለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ማሽኑ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ምክንያቱም ከባሱ ጫፍ ያለው ኤም 9302 የተበጠሰውን መስመር እንደ ፈቃድ ያየውና «ተቀብያለሁ» የሚል ምልክት ይሰጣል። ሰዎች ይህችን ካርድ ሲያዩ «ባዶ ነው» ብለው ይጥሏታል። ከዚያ ማሽኑን የገዛው ሰው ጥሩ ፕሮሰሰር ሲፈታታ ይከርማል።

ሽቦም እንዲሁ ነው። የፒዲፒ-11 ባክፕሌን ከጀርባ ሲታይ በየስሎቱ ከፒን ሲኤ1 ወደ ፒን ሲቢ1 የምትሄድ አጭር ሽቦ አለች። ያ ስሎት በቀጥታ ከማስታወሻ ጋር የሚሠራ ቦርድ፣ ለምሳሌ የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ ከተሰካበት ሽቦዋ ትነሳለች። እንግዲህ ባዶ ባክፕሌን ብቻ እንኳ ብታገኙ፣ ሽቦዋ የሌለችበትን ስሎት ስታዩ «እዚህ ዲስክ ወይ ቴፕ ነበር» ማለት ትችላላችሁ። ቦርዱ ሄዶም ቦታው ይመሰክራል። ባክፕሌኑን ከኋላ ፎቶ አንሱ የምለው ለዚህ ነው፤ «ሽቦ ጎደለ» ብላችሁም መልሳችሁ አትጠምጥሙ።

ፒዲፒ-8/ኢ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ማሽኑ በ1970 የወጣ ነው፣ ኦምኒባስ የሚባለው ባሱ ለሁሉም ስሎት አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው ዘና ይላል። ግን አንዳንዶቹ ቦርዶች ከታች በባሱ ብቻ ሳይሆን ከላይም በጫፋቸው ይገናኛሉ። ኤም 8300 እና ኤም 8310 የፕሮሰሰሩ አካል ናቸው፣ ከላይ በኤች 851 ማያያዣ ይጣመራሉ። የማስታወሻው ሦስት ቦርዶችም እንዲሁ፤ ጂ 104 በአንድ በኩል፣ ጂ 227 በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ ኮሩ (በትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች የተሠራው ማስታወሻ) ያለበት። ኤች 851 አጭር፣ ጥቁር፣ የፕላስቲክ ቁራጭ የምትመስል ነገር ናት። ቦርዱን ለማውጣት መጀመሪያ የምትነሳው እሷ ናት፣ ስለዚህም መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። በፕላስቲክ ከረጢት ከቦርዶቿ ጋር እሰሩ። ሌላም አለ፤ በፕሮሰሰሩና በማስታወሻው መሃል የገባ፣ ዕቃ የሌለበት፣ መዳብ ብቻ የሆነ ሰሌዳ። የኤሌክትሪክ ጫጫታ እንዳይሻገር የሚከላከል ነው። እሱም «ባዶ ነው» ተብሎ ይጣላል።

ስለ ኮር ማስታወሻ ትንሽ ልበል። የፒዲፒ-8/ኢ አንድ የኮር ማስታወሻ 4,096 ቃል ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቃል 12 ቢት ስለሆነ 49,152 ቢት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቢት አንድ የፌራይት ቀለበት አለ፣ በውስጧ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ሽቦ ያልፋል። 49,152 ቀለበት። ይህን በዓይናችሁ ስታዩ መንካት ያምራችኋል፤ አትንኩ። በጣት አትጫኑ፣ በብሩሽ አታጽዱ፣ አየር በኃይል አትንፉበት። አንድ ሽቦ ከተበጠሰ የሚጠግነው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞ ኮር መብራት ሲጠፋ አይረሳም። መጨረሻ ላይ ማሽኑን ያጠፋው ሰው የተወው ፕሮግራም አሁንም ውስጡ ሊኖር ይችላል። ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት ያለውን አንብባችሁ አስቀምጡ።

የማሽኑን ፓወር ሰፕላይ (ለቦርዶቹ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) በሚመለከት፣ እኔ የተማርኩት ከአንድ ጋሼ ከምላቸው ጡረተኛ ነው። አዲስ አበባ ሬድዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ከልጃቸው ጋር እዚሁ ይኖራሉ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ ኃይል ግን ያውቃሉ። የ8/ኢውን ሳጥን ከፍቼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ብቻ ነው ያዩት።

«ልታበራው ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ልለካው ነው።»

«ቦርዶቹስ?»

«ሁሉንም አውጥቻለሁ።»

«ጎሽ። እነዚህ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«በ1972 የተሠሩ ናቸው።»

«እንግዲያው ቀስ እያልክ አስለምዳቸው። በአንዴ ሙሉውን ቮልት አትልቀቅባቸው። ስትጨርስም በሬዚስተር አራግፋቸው፣ ተነቅሏል ብለህ እጅህን እንዳትሰድ።»

ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ቦርድ ሳይኖር፣ ቮልቱን በቫሪያክ (ቮልት ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር) ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጋችሁ፣ እያንዳንዱን መውጫ በጭነት እየለካችሁ። 5 ቮልቱ ከቁጥጥር ወጥቶ ከፍ ካለ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የምትቀብሩት ቺፕ ብዙ ነው። ከዚያ በፊት ሳጥኑ ውስጥ አይጥ ገብቶ እንደሆነ እዩ፤ የአይጥ ሽንት ቺፕ እግር ይበላል፣ ብዙ ምድር ቤት የነበሩ ማሽኖች የሞቱት በእሱ ነው። ጓንትና ጭምብል አድርጉ።

ዲስኮቹ ላይ ብዙ አልቆይም። አርኬ05 ሁለት ሰው ሆነው የሚሸከሙት ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይበሰብሳል፣ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ይሆንና አየር ማጣሪያው ውስጥ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ የሚመልስ ባትሪም አለው፤ ያ ባትሪ ያፈሳል። ስፖንጁን ሳታጸዱ፣ ማጣሪያውን ሳትቀይሩ፣ ባትሪውን ሳታወጡ ዲስክ አታሽከርክሩ። የዲስክ ካርትሪጅ ካገኛችሁ የተለጠፈበትን ወረቀት አትቅደዱ፣ ባይነበብ እንኳ።

ክምሩ አስቀድሞ ተነቅሎ ለደረሳችሁ ሰዎችም ሥራ አለ። ቦርዶቹን በምርት ቀን ለዩ፤ ተቀራራቢ ቀን ያላቸው ብዙ ጊዜ ከአንድ ማሽን ናቸው። አቧራውን ከማጽዳታችሁ በፊት እዩት። አንድ ላይ የቆዩ ቦርዶች አቧራቸውና የቀለማቸው መደብዘዝ ይመሳሰላል። ጃምፐሮችንና (ሁለት ነጥብ የሚያገናኙ ትንንሽ ማያያዣዎች) ትንንሾቹን ስዊቾች እንዳሉ ፎቶ አንሱ፣ ምክንያቱም ማሽኑ ቦርዱን የሚጠራበትን አድራሻ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሲሪያል ቦርድ ከአንድ ማሽን ከወጣ አድራሻቸው የግድ ይለያያል፣ አንድ ዓይነት ከሆነ ከሁለት ማሽን ናቸው ብላችሁ ጠርጥሩ።

እና ሮሞቹ፣ ፕሮግራም በቋሚነት የተጻፈባቸው ቺፖች። ዴክ ፕሮግራም የተጫነባቸውን ሮሞች በ23 በሚጀምር ቁጥር ነው የሚሰይማቸው። ኤም 9312 የሚባለው የማስነሻ ቦርድ ላይ ለምሳሌ አምስት ሶኬት አለ፣ አንዱ ለኮንሶሉ ፕሮግራም፣ አራቱ እንደ ማሽኑ ዲስክና ቴፕ ዓይነት የሚመረጡ። እዚያ የተሰኩት ትንንሽ ቺፖች ማሽኑ ከምን ከምን ይነሳ እንደነበር ይነግሯችኋል፤ የአርኤል02 ማስነሻ ሮም ካለ አርኤል02 ወይም አርኤል01 ዲስክ ነበረው። ሌላው ቺፕ ሁሉ ሱቅ ይገኛል፣ ወይም ተመሳሳዩ ይገኛል። በ23 የሚጀምረው ግን ውስጡ የተጻፈው ነው ዋጋው፤ እሱ ደግሞ ከዓመት ዓመት ሊጠፋ ይችላል። ሶኬቱ ላይ ከሆነ በጥንቃቄ አውጡት፣ የቱ ከየትኛው ሶኬት እንደወጣ ጻፉ፣ ማንበቢያ ያለው ሰው ፈልጋችሁ አስነብቡት፣ ፋይሉን በቺፑ ቁጥር ሰይማችሁ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ ለራሳችሁ፣ አንድ ቅጂ እነዚህን ነገሮች ለሚሰበስብ ማኅደር።